የድርጅታችሁን መዝገብ ቤት ለውጭ ተመራማሪ ከመክፈታችሁ በፊት

አንድ ተመራማሪ ደብዳቤ ይዞ ይመጣል። የድርጅቱን የድሮ ሰነዶች ማየት ይፈልጋል። ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ይከርማል፤ አለቃው ሰውየውን ካወቀው በሩ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ካላወቀው ደግሞ «እንደውልልሃለን» ይባልና በዚያው ይቀራል። እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ፈቃድ በትውውቅ ሳይሆን በሰነዱ ዓይነት መወሰን አለበት።

የግል ድርጅት ከሆናችሁ በአብዛኛው መዝገባችሁን ለውጭ ሰው የመክፈት የሕግ ግዴታ የለባችሁም። ከከፈታችሁ ግን ለሁሉም እኩል ክፈቱ። ዓለም አቀፉ የቤተ መዛግብት ምክር ቤት በ2012 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው የተደራሽነት መርሆችም ይህንኑ ይላሉ፤ አክለውም፦ ክልከላው ግልጽና ጊዜው የታወቀ ይሁን፣ የተከለከለም ሰው ይግባኝ የሚልበት ይኑረው።

ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው እንግዳው ሳይመጣ ነው። ያላችሁን መዝግቡና ለዩት፦ ማንም የሚያየው፣ በፈቃድ የሚታይ፣ ለጊዜው የተዘጋ። ዓመታዊ ሪፖርት ምን ያስደብቃል? የሠራተኛ የግል ማህደር፣ የሕክምና ወረቀት፣ የዲሲፕሊን ክስ ግን በሕይወት ያለ ሰው ገመና ነውና ይዘጋል። በተዘጋው ላይ የሚከፈትበትን ዓመት ጻፉበት። «ሚስጥር» የሚል ማህተም ብቻ ከመታችሁበት፣ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ ለምን እንደተዘጋ ስለማያውቅ እንደተዘጋ ይተወዋል።

የፋይሉን ስም አትመኑ። እኔ አንድ ጊዜ «የግዢ ደብዳቤዎች» የሚል ካርቶን ሳላገላብጥ ለተመራማሪ ላቀርብ ስል፣ መሃሉ ላይ የአንድ ሠራተኛ የሐኪም ማስረጃ አገኘሁ። ደነገጥኩ። ከዚያ ወዲህ ገጽ በገጽ ሳላይ የማወጣው ነገር የለም።

ማመልከቻው አንድ ገጽ ይበቃዋል፦ ማን ነህ፣ ምን ታጠናለህ፣ የየትኞቹን ዓመታት ሰነድ ትፈልጋለህ፣ ውጤቱ የት ይወጣል። መልስ የሚሰጥበትን ቀን ቁረጡ። እምቢ ካላችሁም ምክንያቱን በጽሑፍ ስጡት፤ ዝም ማለት መልስ አይደለም።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ደግሞ የቅጂ መብት ነው። ከውጭ ሰው የተጻፈላችሁ ደብዳቤ፣ ወረቀቱ የእናንተ ቢሆንም የጽሑፉ መብት በአብዛኛው የጸሐፊው ነው፤ ሲሞትም ለወራሾቹ ያልፋል። በዓለም አቀፉ የቅጂ መብት ስምምነት፣ በበርን ስምምነት መሠረት ይህ መብት ጸሐፊው ከሞተ በኋላ ቢያንስ 50 ዓመት ይቆያል። እናም ማንበብ ፈቀዳችሁ ማለት ማሳተም ፈቀዳችሁ ማለት እንዳልሆነ ከተመራማሪው ጋር በምትፈራረሙት ውል ላይ በግልጽ ይስፈር። በዚያው ውል ግን «ጽሑፍህን ከማሳተምህ በፊት እኛ እናጽድቀው» አትበሉ። የሰዎች የግል መረጃ እንዳይወጣ ማስገደድ ተገቢ ነው፤ ድርጅቱን የሚነቅፍ ሐሳብ ማስቆረጥ ግን ጥናቱን መግደል ነው።

ንባቡ ሰው ባለበት ክፍል ይሁን። ቦርሳ ውጭ ይቀመጥ፣ ማስታወሻ በእርሳስ ይያዝ፣ ፋይል አንድ በአንድ ይውጣ፣ የወረቀቱ ብዛት ሲሰጥም ሲመለስም ይቆጠር። ለወረቀት ንጹሕና ደረቅ እጅ ይሻላል፤ ጓንት ለፎቶግራፍ ነው። «ይሄ እኮ የታወቀ ሰው ነው» ብላችሁ ቁጥጥሩን አታላሉ። ፎርብስ ስማይሊ የተባለው አሜሪካዊ የካርታ ነጋዴ ቤተ መጻሕፍቱ ሁሉ የሚያውቁት ሰው ነበር። በ2005 እ.ኤ.አ. በየል ዩኒቨርሲቲ የብርቅዬ መጻሕፍት ቤት አንዲት ሠራተኛ መሬት ላይ የወደቀ ምላጭ አይታ ባትጠራጠር ኖሮ ማን ያስቆመው ነበር? በኋላ 97 ካርታ መስረቁን አምኗል።

በኮምፒውተር የምትልኩት ነገር የባሰ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ፒዲኤፍ ላይ ስም በጥቁር ሳጥን መሸፈን ብቻ አይበቃም፣ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ኮፒ ተደርጎ ሊወጣ ይችላል። ሸፍናችሁ በወረቀት አትሙት፣ መነበብ አለመነበቡን በብርሃን እዩት፣ ከዚያ እንደገና ስካን አድርጋችሁ ያንን ላኩ። የዋናውን ፎልደር ሊንክ ለማንም አትስጡ።

ለማን ምን እንዳሳያችሁ፣ ምን እንደከለከላችሁና ለምን እንደሆነ የሚመዘገብበት አንድ ደብተር ይኑር። ሌላ ሰው መጥቶ ያንኑ ፋይል ሲጠይቅ፣ መጀመሪያ የሚከፈተው ያ ደብተር ነው።