ስክሪኑ የጠቆረ ላፕቶፕ፦ ጥገና ቤት ከመውሰዳችሁ በፊት

መብራት ሄዶ መጣ። ላፕቶፑን ስትከፍቱት ስክሪኑ ድርግም ብሏል። ባሕር ዳር ላይ ይሄ ብርቅ አይደለም። ግን ስክሪኑ ጠቆረ ማለት ስክሪኑ ተቃጠለ ማለት አይደለም። ስክሪን ለመግዛት አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ማሽኑ መብራቱን አረጋግጡ። ፋኑ ይሰማል? ካፕስ ሎክን ስትጫኑ መብራቷ ትበራለች? ከበራች የጠፋው ምስሉ ብቻ ነው። ምንም ምልክት ከሌለ ቻርጀሩን ጠርጥሩ፤ ዲቫይደሩን ትታችሁ ግድግዳው ላይ ሰኩት።

ቀጥሎ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ፍላሽና ማውሱንም አውጡ። ባትሪው በቀላሉ የሚወጣ ከሆነ እሱንም አውጡት። ማብሪያውን 30 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ። ከዚያ በቻርጀር ብቻ አብሩት። መብራት ሲቆራረጥ የደነዘዘ ማሽን አንዳንዴ በዚችው ይነቃል። በርቶ ምስል ብቻ እምቢ ካለ ደግሞ ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ቢ የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ።

አሁንም ጥቁር ነው? ክፍሉን አጨልሙና የስልካችሁን መብራት ወደ ስክሪኑ አስጠግታችሁ በጎን እዩት። ደብዘዝ ያለ ጽሑፍ ወይም የመዳፊቷ ቀስት ከታየች ምስሉ አለ፤ የጠፋው ከጀርባው ያለው ብርሃን ነው። የብርሃን መጨመሪያውን ቁልፍ ሞክሩ። ክዳኑን ቀስ እያላችሁ ስታንቀሳቅሱት ብልጭ የሚል ከሆነ ደግሞ በማጠፊያው በኩል የሚያልፈው ገመድ ሳይሆን አይቀርም። ገመድ ከስክሪን ይረክሳል፤ ይቺን አትርሱ።

ከቲቪ ጋር በኤችዲኤምአይ አገናኙትና ዊንዶውስና ፒ (P) የሚሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጫኑ። ቲቪው ላይ ከመጣ ፋይላችሁ ደህና ነው። ፖሊም ሆነ ፔዳ (የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች) የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ያላችሁ፣ ሌላውን ሁሉ ትታችሁ መጀመሪያ ፍላሽ ላይ ገልብጡት።

ቲቪው ላይም ከሌለ ራሙን፣ ማለትም የማሽኑን ጊዜያዊ ማስታወሻ የያዘችውን ትንሽ ካርድ፣ እዩት። ቻርጀሩን ነቅላችሁ ባትሪውንም ካወጣችሁ በኋላ ራሙን ነቅላችሁ ወርቃማ ጥርሶቹን በንጹሕ ላጲስ ቀስ አድርጋችሁ እሹ፣ ፍርፋሪውን እፍ በሉት፣ ቀጭ እስኪል መልሳችሁ ሰኩ። ሁለት ራም ካለው አንድ በአንድ ሞክሩ። ባትሪው ውስጥ የተቀበረ ከሆነና ከፍታችሁ የማታውቁ ከሆነ ግን ለባለሙያ ተዉት።

ወደ ዘጌ በጀልባ ስትሻገሩ ውሃ ከነካው ጭራሽ አታብሩት። ዘቅዝቃችሁ አድርቁና ለባለሙያ ስጡ። ሩዝ ውስጥ መቅበር ዋጋ የለውም፤ የፎገራን ሩዝ ለእንጀራው ተዉት።

ጥገና ቤት ስትደርሱ «ቲቪ ላይ ያሳያል» ወይም «ራሙን ሞክሬዋለሁ» ብላችሁ ጀምሩ። ገመዱን ሳያዩ ስክሪን ካዘዙባችሁ ሌላ ቤት ጠይቁ።