ዛፍ ሲታመም የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግር ስትሄዱ ቀና ብላችሁ እዩ። ጫፉ የደረቀ ዛፍ ካያችሁ «በሽታ ገባበት» ለማለት አትቸኩሉ። የመጀመሪያው ስህተት ይሄ ነው። ለቧንቧ ወይም ለእግረኛ መንገድ ሲቆፈር ሥሩ የተቆረጠ ዛፍ ወዲያው ላይደርቅ ይችላል፤ አንዳንዴ ዓመታት ቆይቶ ከጫፉ ጀምሮ ይሞታል፣ እስከዚያ ቁፋሮው ተረስቶ ጥፋቱ በፈንገስ ይላከካል። መጀመሪያ ሠፈሩን ጠይቁ፤ ምን ተቆፍሮ ነበር?

ቅጠል ብቻ እያዩ መፍረድም አለ። አርሚላሪያ የሚባለው ሥር አበስባሽ ፈንገስ እኛም አገር አለ። ቅጠሉ ሲጠወልግ እሱ ታች ብዙ ሠርቷል። ከግንዱ ግርጌ ቅርፊቱን ትንሽ አንሡ፤ እንጉዳይ እንጉዳይ የሚሸት ነጭ ስስ ሽፋን ካገኛችሁ ዋናው ተጠርጣሪ እሱ ነው። ታዲያ ዛፉን ቆርጦ ጉቶውን መተው ዋጋ የለውም፤ ፈንገሱ ጉቶው ውስጥ ለዓመታት ይቆያል፣ ሥር ከሥር ሲነካካም ወደ ጎረቤት ዛፍ ይሻገራል።

የፈረንጅ ጥድ አጥር ከውስጥ መቅላት ሲጀምር ሰው ሮጦ የፈንገስ መድኃኒት ይገዛል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ክሽክሽ የሚባለው የዛፉን ፈሳሽ የሚመጥ ትንሽ ነፍሳት ነው። የሚያጣብቅ ፈሳሽ፣ ጥላሸት የመሰለ ጥቁር ነገርና የጉንዳን ሰልፍ ካያችሁ ለፈንገስ የከፈላችሁት ብር ባከነ ማለት ነው። ማላዊ ውስጥ ለዚህ ነፍሳት ጠላት የሆነች ትንሽ ተርብ አምጥተው ለቀውበታል።

ቅርንጫፍ ስትቆርጡ መነሻው ላይ ያለውን እብጠት አትንኩ። ዛፉ ቁስሉን የሚዘጋው በሱ ነው። ቁስሉን ቀለም መቀባት? አያድንም። መጋዙን ግን ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ስትሄዱ በአልኮል ጥረጉት።

ናሙና ወደ ላብራቶሪ በፌስታል መላክ ደግሞ በጣም ያናድደኛል። እዚያ ውስጥ ይሻግታል፣ መርማሪው የሚያገኘው ሻጋታውን ነው። በወረቀት ጠቅልሉት። ሙሉ በሙሉ የሞተውን ሳይሆን የታመመውና ጤነኛው የሚገናኙበትን ቦታ ቁረጡ።

በመጨረሻ፣ አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ መደርደር። አዊ ዞን ገበሬው ማሳውን ለከሰል ብሎ ዲከረንስ በሚባለው የግራር ዓይነት ሞላው፣ ከዚያ የዝገት በሽታ መጥቶ ከማሳ ማሳ አዳረሰው። ክረምት ላይ ችግኝ ስትተክሉ ወይራውን፣ ዝግባውን፣ ኮሶውን፣ የሐበሻ ጥዱን ቀላቅሉት።