የበለስና የቤሪ ክሪስፕ ከሥሩ ውሃ ሲሆን ምን አደረግኩ

ክሪስፕ ማለት ከሥሩ ፍሬ፣ ከላዩ የአጃ ፍርፋሪ ሆኖ ኦቨን ውስጥ የሚጋገር ጣፋጭ ነው። ሦስት ጊዜ ጋገርኩ፤ ሦስቱም ጊዜ ያው ነው። የአጃው ሽፋን ረጥቦ ገንፎ ይመስላል። ማንኪያ ሲገባበት ከሥር ቀይ ውሃ ይወጣል።

መጀመሪያ ሽፋኑ ላይ ዱቄት ጨመርኩ። ዱቄት ዱቄት አለ እንጂ አልተንኮሻኮሸም። ቀጥሎ ኦቨን ውስጥ አቆየሁት። ላዩ አረረ፣ ሥሩ አሁንም ውሃ ነው።

ለካ ነገሩ ከፍሬው ነው። የበሰለ በለስና ቤሪ ሲሞቁ ብዙ ውሃ ይለቃሉ።

የሠራልኝ ይኼ ነው። 4 ኩባያ በለስ አራት አራት ቦታ ቆርጬ ከ2 ኩባያ ብሉቤሪና እንጆሪ፣ ከ2 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች፣ ከስኳርና ከሎሚ ጭማቂ ጋር አዋሃድኩ። ፍሬውን ብቻውን በ190 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ15 ደቂቃ ጋገርኩ። እስከዚያ አጃውን፣ ዱቄቱን፣ ስኳሩንና ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤውን በጣቴ ፈትጌ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኩ። ከዚያ ሳልጫነው ላዩ ላይ በተንኩትና ሌላ 30 ደቂቃ ጋገርኩት።

ዳር ዳሩ ስለፈላ ብቻ እንዳታወጡት። መሃሉም ወፈር ባለ አረፋ ቡልቅ ቡልቅ ማለት አለበት። ስታርቹ በደንብ የሚያወፍረው ሙቀቱ ወደ መፍላት ሲጠጋ ነው። ካወጣችሁት በኋላም ግማሽ ሰዓት አትንኩት፤ ሲበርድ ይረጋል።