በጂሲኤስኢ ዓመታት እኛ ወላጆች ደጋግመን የምንሠራቸው ስህተቶች

ከጥቂት ዓመታት በፊት የጂሲኤስኢ፣ ማለትም ልጆች በ16 ዓመታቸው ገደማ የሚወስዱት ፈተና፣ ውጤት በወጣ ሳምንት አንዲት እናት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አግኝታኝ፣ እጄን ይዛ «ልጄ በሂሳብም በእንግሊዝኛም አራት አመጣልኝ» አለችኝ። ፊቷ በደስታ ያበራ ነበር። እርሷ የተማረችው የማትሪክ 4 ነጥብ ማለት የሁሉ ኤ ባለቤት መሆን በነበረበት ዘመን ነውና ደስታዋ የሚገባ ነበር። በኢንግላንድ ግን የጂሲኤስኢ ውጤት ከ9 እስከ 1 የሚወርድ ሲሆን ከፍተኛው 9፣ ዝቅተኛው 1 ነው። 4 መደበኛ ማለፊያ፣ 5 ደግሞ ጠንካራ ማለፊያ ይባላል። ከ2017 ጀምሮ ቁጥሩ ፊደሉን ሲተካ የቀድሞው ሲ መነሻ ከ4፣ የቀድሞው ኤ መነሻ ከ7 ጋር እንዲገጥም ተደርጓል። ልጇ አልወደቀም፤ ሆኖም ሊማርበት የተመኘው ሲክስዝ ፎርም (ከጂሲኤስኢ በኋላ ያለው የሁለት ዓመት ትምህርት) በሂሳብ 7 ይጠይቅ ስለነበር አልተቀበለውም። እናቱ ይህን የተረዳችው ልጁ ሊመዘገብ ሄዶ አንገቱን ደፍቶ ሲመለስ ነው።

በለንደን በአንድ የቅዳሜ ትምህርት ቤት የማኅበረሰባችንን ልጆች ሂሳብ ሳስጠና 11 ዓመት አለፈኝ፤ ሁለት ልጆቼንም በዚሁ መንገድ አሳልፌያለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ደጋግሜ ያየሁትን፣ አንዳንዱንም ራሴ የሠራሁትን ነው። በዌልስና በሰሜን አየርላንድ አሠራሩ ስለሚለይ የምናገረው ስለ ኢንግላንድ ብቻ ነው።

ብዙዎቻችን ጉዳዩ የሚጀምረው በመጨረሻው ዓመት፣ ልጁ 11ኛ የትምህርት ዓመቱን ሲጀምር ይመስለናል። በአብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ልጁ የሚፈተንባቸውን የምርጫ ትምህርቶች የሚመርጠው ግን በ9ኛው የትምህርት ዓመት፣ በ13 ወይም በ14 ዓመቱ ነው። የምርጫው ቅጽ ቤት ሲመጣ ፈርመን እንመልሳለን፤ ልጁም ጓደኛው የመረጠውን ይመርጣል። ቅጹን ከመፈረም በፊት ልጁ ወደፊት ሊያጠና የሚያስበው ነገር ምን እንደሚጠይቅ ትምህርት ቤቱን መጠየቅ ይገባል። ሦስቱን ሳይንሶች ለየብቻ ያልወሰደ ልጅ ሐኪም አይሆንም የሚለው ወሬ ግን ልክ አይደለም፤ ሁለት ውጤት የሚያሰጠውን ጥምር ሳይንስ ወስዶ ከጂሲኤስኢ ቀጥሎ በሚመጣው በኤ ሌቨል ኬሚስትሪና ባዮሎጂ የሚቀጥል ተማሪ ብዙ ነው።

ከሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሣኝ የሂሳብና የሳይንስ ፈተና በሁለት ደረጃ መከፈሉን ወላጅ አለማወቁ ነው። ፋውንዴሽን በሚባለው ደረጃ የሚፈተን ልጅ ወረቀቱን ያለ አንዳች ስህተት ቢሠራ እንኳ ከ5 በላይ ሊያገኝ አይችልም። ሃየር በሚባለው ደረጃ ደግሞ እስከ 9 ማግኘት ይቻላል፤ ነገር ግን ነጥቡ በጣም ዝቅ ካለ ያለ ውጤት መቅረት አለ። አንድ ጎበዝ ልጅ መሐንዲስ እሆናለሁ እያለ ሁለት ዓመት አስጠናሁት፤ በፋውንዴሽን መመደቡን ያወቅነው ፈተናው ሦስት ወር ሲቀረው ነበር። ወላጆቹ መምህሩን ለማነጋገር ሲሞክሩ የምዝገባው ጊዜ ሊያበቃ የቀረው ጥቂት ቀን ብቻ ነበር፣ ያልተማረውም የሃየር ምዕራፍ በሦስት ወር የሚሸፈን አልሆነም። ይህ የልጁ ጥፋት አልነበረም፤ ከእኛ ከአዋቂዎቹ አንዳችንም «ልጁ የተመደበው በየትኛው ደረጃ ነው?» ብለን በጊዜው አልጠየቅንም። ጥያቄው በ10ኛው ዓመት መጀመሪያ መጠየቅ አለበት። መልሱ ፋውንዴሽን ከሆነ፣ ለምን እንደሆነና ለመሸጋገር ምን እንደሚጎድለው መጠየቅ ተገቢ ነው። ፋውንዴሽን ነውር አይደለም፤ በሂሳብ ለሚቸገር ልጅ ማለፊያውን በእርጋታ የሚያገኝበት መንገድ ነው፤ ክፉው ነገር ሳያውቁ እዚያ መገኘት ነው።

መምህራን ወላጆችን በሚያነጋግሩበት የወላጆች ምሽት ልጁን አስተርጓሚ ማድረግ ሌላው ስህተት ነው፤ በዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። ከሥራ ደክመን ወጥተን፣ ለዚያ አምስት ደቂቃ ብለን ሁለት አውቶቡስ ይዘን እንደርሳለን፤ ከዚያም ስለ ልጁ የሚነገረውን ነገር ራሱ ልጁ እንዲነግረን እናደርጋለን። የ15 ዓመት ልጅ በእናቱ ፊት «የቤት ሥራ አይሠራም» የሚለውን ቃል ሳያለዝብ ይተረጉማል ብሎ መጠበቅ ከልጁ አቅም በላይ መጠየቅ ነው። በዚያ ላይ የእንግሊዝ መምህራን ወቀሳቸውን በምስጋና ጠቅልለው ማቅረብን ለምደዋል። «ደስ የሚል ልጅ ነው፣ ችሎታ አለው፣ ትንሽ ቢያተኩር ጥሩ ነበር» ሲሉ እኛ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሐረጎች ይዘን ደስ ብሎን እንመለሳለን። መምህሩ ሊለን የፈለገው ግን «ልጁ እየሠራ አይደለም» ነበር። አንድ አባት ሦስት ዓመት ሙሉ እንደዚህ ምስጋናውን ብቻ ሲሰሙ ኖረው፣ በመጨረሻ ልጃቸው ከሦስት ትምህርት በላይ ማለፍ ሲያቅተው «አንድም ሰው አልነገረኝም» ብለው አለቀሱ። ተነግሯቸው ነበር፤ ልብ በማይባልበት ቋንቋና ሊነግራቸው በማይችል አፍ ነበር እንጂ። ስለዚህ አስቀድመው ለትምህርት ቤቱ ጽፈው አስተርጓሚ ይጠይቁ፤ ካልተገኘ ዘመድ ወይም የሚያምኑት ጎልማሳ ይዘው ይሂዱ። መምህሩንም በቀጥታ «ዛሬ ቢፈተን ስንት ያገኛል? ስንትስ ማግኘት ይችላል? መካከሉን የሚሞላው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች በትሕትና የተጠቀለለውን ይፈታሉ።

ከዚሁ ጋር የተያያዘውን ስህተት እኔው ራሴ ሠርቼዋለሁ። የትልቋ ልጄ ሪፖርት ሲመጣ በየትምህርቱ 7 እና 8 የሚል ቁጥር አይቼ ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። ቁጥሩ ግን ትምህርት ቤቱ ያስቀመጠላት ግብ ነበር እንጂ የደረሰችበት አልነበረም፤ የደረሰችበት በአጠገቡ ባለው ዓምድ 5 ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሂሳብ የማስጠና ሰው ሆኜ የልጄን ሪፖርት ማንበብ አለመቻሌ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል። እርሷ ግን ታውቀው ነበር፣ እኔን ላለማሳዘን ዝም አለች።

በሽምደዳ ያደግን ነንና ልጁ ደብተሩን እያነበበ፣ በቀለም እያሰመረ ካየን ያጠና ይመስለናል። ይህ ፈተና የሚጠይቀው ሌላ ነው። በሂሳብ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወረቀት አለ፣ አንዱ ያለ ካልኩሌተር ይሠራል፤ በታሪክ «አብራራ» እና «ምን ያህል ትስማማለህ» የሚሉት ጥያቄዎች የተለያየ መልስና የተለያየ ርዝመት ይፈልጋሉ። ይህንን የሚያስተምረው ያለፉትን ዓመታት የፈተና ወረቀት በሰዓት ተቀምጦ መሥራትና መልሱን ከነጥብ አሰጣጥ መመሪያው ጋር ማመሳከር ነው። ኤኪውኤ፣ ፒርሰን ኤዴክሴል፣ ኦሲአርና ኤዱካስ የሚባሉት ፈተና አዘጋጆች ወረቀቱንም መመሪያውንም በድረ ገጻቸው በነጻ ያወጣሉ። ግን የልጁ ትምህርት ቤት ከየትኛው ጋር እንደሚሠራ አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ ምክንያቱም በአንድ ትምህርት ቤት ሂሳቡ ከአንዱ፣ ታሪኩ ከሌላው ሊሆን ይችላል። የሌላ አዘጋጅን መጽሐፍ ገዝቶ አንድ ዓመት ያጠና ልጅ አግኝቻለሁ። ሽምደዳ ዋጋ የሚኖረው በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ተውኔቱንና የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ልብ ወለድ መጽሐፉን ሳይዙ ስለሚፈተኑ ጥቅሶችን በቃል መያዝ ያስፈልጋል።

«ልጄ እንግሊዝኛ ከእኔ ይሻላል» በማለት የእንግሊዝኛን ቋንቋ ፈተና መናቅም አለ። ለንደን ተወልዶ እንደ ልብ የሚናገር ልጅ ያልለመደውን ረጅም ጽሑፍ አንብቦ ጸሐፊው ቃላትን ለምን እንደመረጠ መተንተን ሊያቅተው ይችላል። በእንግሊዝኛ ወይም በሂሳብ 4 ያላገኘ ተማሪ ደግሞ እስከ 18 ዓመቱ ያንኑ ትምህርት ማጥናት እንዲቀጥል ይገደዳል።

በንባብ ወይም በማተኮር የሚቸገር ልጅ ሲመረመር ወላጁ «ልጄ በሽተኛ አይደለም» ብሎ መከልከሉ ልቤን ይሰብረዋል። ምርመራው ለልጁ በፈተና ላይ ብዙ ጊዜ 25 በመቶ ተጨማሪ ሰዓት የሚያስገኝለት ነው፤ የሚወሰነውም ከፈተናው ብዙ ወራት ቀድሞ ነው።

ርካሽ ትኬት አገኘን ብሎ በጁን አጋማሽ ወደ አዲስ አበባ መብረር የለም። የልጁ የመጨረሻ ወረቀት ቢያልቅም፣ ችግር ቢፈጠር ፈተና እንዲሰጥበት በጁን መጨረሻ የተያዘ ተጠባባቂ ቀን አለ፣ ልጁም እስከዚያው መገኘት አለበት። የገና ጉዞም በዲሴምበርና በጃንዋሪ ከሚሰጠው የሞክ (የሙከራ) ፈተና ጋር እንዳይጋጭ ይታይ፤ ለኤ ሌቨል ማመልከቻ የሚጻፈው የተገመተ ውጤት ብዙ ጊዜ ከዚያ ይወሰዳልና።

ሌሎችም ስህተቶች አሉ፦ ትምህርት ቤቱ ከክፍል በኋላና በፋሲካ እረፍት በነጻ የሚሰጠውን ማጠናከሪያ ሳይጠይቁ ለአስጠኚ ገንዘብ መክፈል። የእገሌን ልጅ ውጤት በልጁ ፊት ማንሣት። ስልክ ወይም ስማርት ሰዓት ኪሱ ውስጥ ሆኖ ፈተና ክፍል እንዲገባ መፍቀድ፤ ባይነካው እንኳ ውጤቱ ሊሰረዝ ይችላል።

በኦገስት ውጤቱ ከወጣ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስለናል። ነጥቡ ለጥቂት ያነሰ መስሎ ከታየ ትምህርት ቤቱ እርማቱ እንዲታይ መጠየቅ ይችላል፤ ነገር ግን ውጤቱ ሊወርድም ስለሚችል መጀመሪያ መምህሩን ማማከር ይሻላል። በእንግሊዝኛ ቋንቋና በሂሳብ በኖቬምበር እንደገና መፈተን ይቻላል። እውነተኛው ሰርተፍኬት ደግሞ የሚመጣው በመጸው መጨረሻ ነው፤ ልጁ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ስለሄደ ብዙዎች ሳይወስዱት ይቀራሉ። ትምህርት ቤቱ ያልተወሰደውን ቢያንስ ለ12 ወር እንዲያቆይ ቢጠበቅበትም ለዘለዓለም አያቆየውም፤ ከጠፋ በኋላ ከፈተና አዘጋጁ ምትክ ማስረጃ ማውጣት ደግሞ በክፍያ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ የ24 ዓመት ወጣት ለነርሲንግ ኮርስ ሊያመለክት ሰርተፍኬቱን ፈልጎ ወደ እኔ መጣ፤ የተማረበት ትምህርት ቤት ከአምስት ዓመት በፊት ማስወገዱን ነግሮታል።