ፊቱን ሸፍናችሁ ፎቶውን አሳዩአቸው

ተማሪዎችን «ፎቶ ስትለጥፉ ተጠንቀቁ» ብንላቸው ጠብ የሚል ነገር የለም። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፤ ከዚያ ያው ነው። ለእኔ የሠራልኝ ዘዴ ይኸውና፦ አንድ ሰው ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ የተነሳውን ፎቶ በትልቁ አሳዩ። ፊቱን በወረቀት ሸፍኑት። ከዚያ «ስለዚህ ሰው ምን አወቃችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ።

መጀመሪያ ዝም ይላሉ። ከዚያ አንዱ ይጀምራል። አንገቱ ላይ በተንጠለጠለው መታወቂያ ስሙ ይነበባል። ግድግዳው ላይ የክፍለ ጊዜ ፕሮግራም ተለጥፏል፤ ማክሰኞ በስንት ሰዓት የት እንደሚገኝ ታወቀ ማለት ነው። የመስኮቱ መስታወት ላይ ፎቶ አንሺው ሳይቀር ይታያል። ከኋላ ደግሞ ሳይጠየቅ የገባ ሌላ ልጅ አለ። እዚህ ጋ ቆም በሉ፤ ፈቃድ መጠየቅ ለምን እንደሚያስፈልግ የሚገባቸው ያኔ ነው።

ዘዴው የሚሠራው ዓይናችን ቀድሞ ፊት ላይ ስለሚያርፍ ነው። ፊቱ ሲሸፈን በሰውየው ዙሪያና ከኋላው ያለውን ከማየት ሌላ አማራጭ የለም።

ቪዲዮ ከሆነ እያስቆማችሁ አሳዩ። ብዙ የስልክ ቪዲዮ በሰከንድ 30 ምስል ይይዛል፤ ብልጭ ብሎ ያለፈ ወረቀት ሲቆም ቁልጭ ብሎ ይነበባል።

ተማሪዎቹ ፎቶ ላይ ያለ ጽሑፍ መደበቅ ሲፈልጉ በድፍን ጥቁር ሳጥን ይሸፍኑት። በስልኩ ማድመቂያ ብዕር (ሃይላይተር) ያጠቆሩት ብርሃን ሲጨመርበት ተመልሶ ሊታይ ይችላል።

የተማሪዎቹን የራሳቸውን ፎቶ ግን ለዚህ አትጠቀሙ። አንዱን ልጅ በጓደኞቹ ፊት ታጋልጡታላችሁ። የውሸት ስምና ፕሮግራም አዘጋጅታችሁ ራሳችሁ አንሱት።