ፎቶ ከፍላሽ በቀጥታ በፕሮጀክተር ለማሳየት

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ ለሠርግ ወይም ለምረቃ ፎቶ በፕሮጀክተር ልታሳዩ ካሰባችሁ ላፕቶፕ የግድ አይደለም። ፍላሽ በቀጥታ የሚያነቡ ብዙ ፕሮጀክተሮች አሉ። አዳራሽ ስትከራዩ ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፍላሹ የሚሰካው ጠፍጣፋው የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ነው። ካሬ መሳዩ ከኮምፒውተር ጋር ማገናኛ ነው።

ፍላሹ ፋት32 (FAT32) በሚባለው ፎርማት (ፋይል የሚቀመጥበት ሥርዓት) ይሁን፤ ኤንቲኤፍኤስ (NTFS) የሚባለውን ሌላውን ፎርማት የማያነቡ ፕሮጀክተሮች አሉ። ፎርማት ሲደረግ ግን ውስጡ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ መጀመሪያ ሌላ ቦታ ገልብጡት።

ዋናው ጣጣ ያለው ፎቶው ላይ ነው። ፕሮጀክተር በደንብ የሚያውቀው ጄፔግ (JPEG) የሚባለውን የፎቶ ፋይል ዓይነት ነው። የአይፎን ፎቶ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ኤችኢአይሲ (HEIC) በሚባል ሌላ ዓይነት ስለሆነ ላይከፈት ይችላል። ወደ ጄፔግ ቀይሩት። በጣም ትልቅ ፎቶም ለመከፈት ይንቀራፈፋል። ስፋቱን ወደ 1920 ፒክስል ብታወርዱት ይፈጥናል፤ ግድግዳው ላይም ጥራቱ ብዙም አይጎዳም።

የፎቶዎቹን ስም ደግሞ 01፣ 02 እያላችሁ ጀምሩ። 1፣ 2 ብቻ ካላችሁ አንዳንዱ ፕሮጀክተር 10ን ከ2 ያስቀድማል፤ የመልሱ ፎቶ ከሽምግልናው በፊት ይወጣና ታሪኩ ይዘበራረቃል። የሙሽሮቹ ቤተሰብ ይህን ቀን ደግሞ አያገኘውምና በዋዜማው እዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ፕሮጀክተር ሞክሩት።