እግዚአብሔርን መውደድ በዕለት ኑሮ፦ ከማለዳ እስከ መኝታ

ብዙዎቻችን «እግዚአብሔርን እወዳለሁ» ስንል ቶሎ ትዝ የሚለን በቅዳሴ ወይም በዝማሬ መካከል እንባችን የፈሰሰበት ቀን ነው። እንባ ጸጋ ነው፤ ነገር ግን ፍቅሩን በእንባው የሚለካ ምእመን ልቡ የደረቀ በመሰለው ሳምንት ጸሎቱንም አብሮ ይተዋል። ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 6 «አምላክህን እግዚአብሔርን በፍጹም ልብህ በፍጹምም ነፍስህ በፍጹምም ኃይልህ ውደድ» ሲል የተናገረው በትእዛዝ ቃል ነው፤ ሰው እንባውን ማዘዝ ባይችልም እግሩን፣ እጁንና አንደበቱን ማዘዝ ይችላልና። ከዚያው ጥቂት ዝቅ ብሎም ቃሉ በቤት ሲቀመጡ፣ በመንገድ ሲሄዱ፣ ሲተኙና ሲነሡ እንዲነገር ያዝዛል። ስለዚህ ይህን ፍቅር ሊለማመድ የሚሻ ሰው ልዩ ጊዜ ሳይጠብቅ በእነዚሁ ሰዓታት ይጀምር።

መጀመሪያው ሲነሡ ነው። ቤተ ክርስቲያናችን «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» ያለውን የዳዊትን ቃል ይዛ ከነግህ (ከማለዳው ጸሎት) እስከ መንፈቀ ሌሊት ሰባት የጸሎት ጊዜያትን ሠርታለች። ሆኖም ገና የጀመረ ሰው ሰባቱንም በአንድ ጊዜ ልሸከም ቢል አይዘልቅበትም። እኔ ራሴ በወጣትነቴ በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ ሰባቱንም ልጠብቅ ቈርጬ ተነሣሁና በሁለተኛው ሳምንት ነግህን እንኳ ሳላደርስ ከቤት የምወጣ ሆንሁ፤ የንስሐ አባቴም ይህን ሲሰሙ ፈገግ ብለው አቡነ ዘበሰማያትንና አንድ መዝሙር ብቻ እንዳደርስ፣ እርሷን ግን ብታመምም እንዳልተው አዘዙኝ። እኔም የምመክረው ይህንኑ ነው። ስልካችሁን ከመንካታችሁ በፊት ፊታችሁን ታጠቡ፤ ወደ ምሥራቅ ቁሙ፤ አማትባችሁ አቡነ ዘበሰማያት አድርሱ፤ ከዚያም አንድ መዝሙር ሳትቸኩሉ አንብቡ። ሁለት ሦስት ወር ከጸናችሁ በኋላ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ጨምሩ፤ አንድ ንጉሥ ዳዊት፣ ማለትም ዐሥር መዝሙር፣ መድገሙ ቀስ ብሎ ይደርሳል። መጠኑን ከንስሐ አባት ጋር ተመካክሮ መወሰን ከስንፍናም ከትዕቢትም ይጠብቃል።

«በመንገድም ስትሄድ» የሚለውን እኔ የሥራ ቦታን ጨምሬ እረዳዋለሁ። መጽሐፈ ምሳሌ አባይ ሚዛን በእግዚአብሔር ፊት አስጸያፊ እንደ ሆነ ሲናገር ነገሩን ከቤተ መቅደስ አውጥቶ ገበያ መካከል አስቀምጦታል። ጣቱን ሳህኑ ላይ አሳርፎ ዘጠኝ መቶ ግራም ሽንኩርት በአንድ ኪሎ ዋጋ ለሚሸጥ ነጋዴ ሱቁ ግድግዳ ላይ የሰቀለው ሥዕል አይመሰክርለትም። ነጋዴ ከሆናችሁ ሚዛኑ ባዶውን ዜሮ ላይ መቆሙን ገዢው ፊት አሳዩ፤ እጃችሁንም አንሡ። የቢሮ ሠራተኛ ከሆናችሁ በዐሥር ደቂቃ የሚያልቀውን ጉዳይ ይዞ ከሩቅ የመጣውን ባለጉዳይ «ነገ ተመለስ» አትበሉት።

ጾምም እንዲሁ ፍቅር የሚታይበት ነው። ረቡዕን ጌታን ለመያዝ ምክር የተደረገበት፣ ዓርብን የተሰቀለበት ቀን በመሆናቸው እንጾማቸዋለን፤ የምንወደው ሰው ባዘነበት ቀን ጠግቦ መብላት እንደሚከብደን ማለት ነው። በኢሳይያስ ምዕራፍ 58 ግን እግዚአብሔር የመረጠው ጾም እንጀራን ለተራበ መቁረስንም ይጨምራል። (ከሥጋ ወጥ የሚበልጥ ዋጋ ያለው የጾም ምግብ አዝዞ «ጾም ነኝ» ማለት ለእኔ ከገበታ ለውጥ አይዘልም።) የተዋችሁትን የቁርስ ገንዘብ በየጾሙ ቀን በጣሳ አጠራቅሙት፤ ወሩ ሲያልቅም የተቸገረ መሆኑን ለምታውቁት ሰው ማንም ሳያይ ስጡ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ዕርቅ ነው። ዮሐንስ በመጀመሪያ መልእክቱ ያየውን ወንድሙን የማይወድ ያላየውን እግዚአብሔርን ሊወድ እንዴት ይችላል ብሎ ይጠይቃል። እኔ ከአንድ ጎረቤቴ ጋር በዝናብ ውኃ መውረጃ ተጣልተን ሁለት ክረምት ሙሉ ሳንነጋገር አልፈናል። በአንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ዲያቆኑ «ተአምኁ በበይናቲክሙ»፣ ማለትም እርስ በርሳችሁ ሰላምታ ተሰጣጡ፣ ሲል እንደ ልማዴ እጅ ልነሣ ወደ ቀኝ ዞር ብል ያ ጎረቤቴ ቆሞ አገኘሁት፤ አንገቴ ግማሽ ላይ ቀረ። ያን ዕለት ማታ ቤቱ ሄድሁ። ችግሩ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ሳልል ስለ ቦዩ ማስረዳት መጀመሬ ነበር፤ እርሱም መልስ ሊሰጠኝ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ባለቤቱ ቡና ይዛ ባትገባ ኖሮ ተጣልተን እንደ ገና እንለያይ ነበር። ስለዚህ ለዕርቅ ስትሄዱ ማስረጃችሁን ቤታችሁ ትታችሁ ሂዱ። «አጥፍቼ እንደ ሆነ» የምትለውን ቃልም አትጨምሩ፤ ጥፋታችሁን በስሙ ጠርታችሁ ይቅርታ ጠይቁ፤ ክርክሩ ቢኖርም ለሌላ ቀን ይቆይ። እኛ ቦዩን በሳምንቱ ቅዳሜ አካፋ ይዘን አብረን ቀየስነው። ጠቡ የከረረ ከሆነ ሁለታችሁም የምታከብሩትን ሽማግሌ ላኩ። በማቴዎስ ምዕራፍ 5 መባህን በመሠዊያው ፊት ተውና አስቀድመህ ሂድ የተባለው «ወንድምህ አንዳች በአንተ ላይ እንዳለው» ብታስብ ነው፤ የተቀየመው እርሱ ሆኖ ሳለ እንኳ መንገዱን መጀመር ያለብን እኛ ነን።

በቤት ስላሉት ወላጆችም አንድ ነገር ልጨምር። ማርቆስ በምዕራፍ 7 እንደ ጻፈው ጌታ ለአባትና ለእናት የሚገባውን «ቍርባን ነው»፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው፣ ብለው የሚከለክሉትን ወቅሷል፤ ለንግሥና ለማኅበር ብዙ እየሰጠ እናቱ መድኃኒት መግዣ ስታጣ የማያውቅ ሰው ይህን ምዕራፍ ደግሞ ያንብበው።

በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩና እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን መሄድ የማይፈቀድላቸው እኅቶች «እኛስ እንዴት እንውደደው?» ብለው ይጠይቃሉ። ዳንኤል በባቢሎን ከመቅደሱ ርቆ ሳለ የእልፍኙን መስኮት ወደ ኢየሩሳሌም ከፍቶ በቀን ሦስት ጊዜ ይጸልይ ነበር። ዕቃ እያጠቡ በልብ «ኪርያላይሶን» (አቤቱ ማረን) ማለትን የሚከለክል አሠሪ የለም።

ሲተኙ ደግሞ ከጸሎቱ በፊት ቀኑን ከማለዳው ጀምራችሁ በልባችሁ መልሳችሁ እዩት፤ ዐምስት ደቂቃ ይበቃል። መጀመሪያ የተደረገላችሁን ቁጠሩ፤ እኛ የምንወደው እርሱ አስቀድሞ ስለ ወደደን ነውና በደላችንን መቁጠር ከምስጋና በኋላ ይምጣ። ያሳዘናችሁ ሰው ካለ ስሙን በጸሎት አንሡ። ያሳዘናችሁት ሰው ካለ ግን ስሙን በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ጠዋት በምታደርጉት ጫማ ውስጥ አኑሩት።